ችግሩ ሳይጸድቅ እንዳይፈታ

የአገሩን ስም አልጠራም። ብጠራው የሚቀየም አይጠፋም፤ ባልጠራውም የሚቀየም አይጠፋምና ዝም ማለቱ ይቀላል። እኔ በዚያ አገር፣ በአንዲት ኮረብታማ ከተማ፣ መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ። ስሜ ባዩ ነው፤ ሰው ጋሽ ባዩ ይለኛል። የሊቃውንት ጽሑፍ በልቅ ወረቀት ሆኖ ይመጣልኛል። እሰፋዋለሁ፣ ቀይ ቆዳ አለብሰዋለሁ፣ ከዚያ አራት ሰው በጭንቅ ከሚያነሳው ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር ሦስት ቀን አስተኛዋለሁ። ድንጋይ ያልተጫነው መጽሐፍ አፉን አይዘጋም። ጠራዥ ደግሞ የሚጠርዘውን ያነባል፤ ማንም አያነበውም ተብሎ የተጻፈውን ሳይቀር። የምነግራችሁ እንዲህ ካነበብኩትና በዓይኔ ካየሁት ነው።

እኔ የምኖርበት ሰፈር የታችኛው ሰፈር ይባላል። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ነው። ለዚህ ሁሉ ቤት አንዲት ነርስ ነበረችን፤ ሲስተር ይርገዱ። የሆስፒታል ነርስ አይደለችም፤ የሰፈር ነርስ ናት። በሽተኛ እስኪመጣላት አትቀመጥም፤ በሽታውን ቀድማ ደጃፍ ላይ ትጠብቀዋለች። ቡናማ የቆዳ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንግታ ቤት ለቤት ስትዞር አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የማን ልጅ ክትባት እንደቀረው፣ የማን ሚስት ሰባተኛ ወሯን እንደያዘች፣ የማን ሽንት ቤት ክዳን እንደሌለው በቃሏ ትወጣዋለች። ደጅ ስትደርስ ትንሽ ሳል ብላ «ቤቶች!» ትላለች። ያን ድምፅ ሲሰሙ እናቶች አስቀድመው ጀሪካኑን ማጠብ ይጀምራሉ።

በር አታንኳኳም። በእኛ ሰፈር በር የሚያንኳኳ ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ ፖሊስና የፍርድ ቤት መጥሪያ አድራሽ። ስለዚህ በር ሲንኳኳ የሰፈሩ ሰው ትንፋሹን ውጦ ይቀመጣል። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ይመጣል።

ነገሩ የተጀመረው የአገሩ ሸንጎ መልእክተኞች ጎረቤት አገር ሄደው በመመለሳቸው ነው። እዚያ አንዲት ነርስ «ዶክተር» ተብላ ስትጠራ ሰምተው ኖሮ እንቅልፍ አጥተው መጡ። «እኛስ ከማን እናንሳለን?» ተባለ። ወዲያው አዋጅ ወጣ፦ በሁለት ዓመት ውስጥ የሰፈር ነርስ ሁሉ የተግባር ዶክተር ይሁን፤ ያልሆነ ቦርሳውን ያስረክብ።

እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ከሥሩ ክፉ አልነበረም። መጀመሪያ ያመጡት አንዲት አሮጊት ነርስ ነበሩ። «የሰፈር ነርስ ያየችውን ትጠይቅ፣ የጠየቀችውን ትመርምር፣ የመረመረችውን ታስተካክል» የሚል አንድ መስመር ጽፈው ነው ያቀረቡት። ሸንጎው መጀመሪያዎቹን ሁለቱን አጸደቀና ሦስተኛውን ለኮሚቴ መራው። ኮሚቴው እስከዛሬ እየመከረበት ነው።

ሲስተር ይርገዱ አዋጁን የሰማች ቀን ሱቄ እየሮጠች መጣች። ሰው በዚያ ዕድሜው እንዲህ ሲፈነድቅ አይቼ አላውቅም።

«ጋሽ ባዩ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ። ለምን እንደሚሆን ግን ግማሹን እንኳ አላውቀውም። አንዱ ቤት ልጆቹ ሁሌ ይታመማሉ፣ ጎረቤቱ ደኅና ነው። ለምን? አሁን ልማር ነው!»

«ተማሪ ልጄ፣ የተማረ ይግደለኝ» አልኳት። ተረቱን የተናገርኩት እንደ ምርቃት ነበር።

ትምህርት ቤቱ ከሰፈራችን በላይ፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ ተሠራ። አለቃው ሊቀ ተግባር ይባላሉ። ለሹመቱ የተመረጡት በእጃቸው አንዳች ሠርተው ባለማወቃቸው ነው፤ ተግባርን ያልነካ ሰው ስለ ተግባር ሳያዳላ ይፈርዳል ተብሎ ታመነ። ከእሳቸው ቀጥሎ አፈ ችግር የሚባሉ ሹም አሉ። በአገሩ ውስጥ ማንኛውም ችግር የእሳቸው ማኅተም ካላረፈበት ችግር አይባልም። ሰው ቢታመም ታመመ እንጂ ችግር ገጠመው አይባልም።

አንደኛው ዓመት በር በማንኳኳት አለቀ። ግቢው ውስጥ ሞዴል ቤት ሠሩ፤ በር አለው፣ መስኮት አለው፣ ቆርቆሮ አለው፣ ሰው ግን የለበትም። ሰው ካለበት ትምህርት ይረብሻል። እጩዎቹ በተራ እየሄዱ ያንኳኳሉ፤ መምህሩ ማርክ ይሰጣል። ልሳኑ የሚባል የላይኛው ሰፈር ነርስ ነበር፤ ትሑት፣ ንጹሕ፣ መስመር ያለው ወረቀት የሚወድ ልጅ። በመሃል ጣቱ አንጓ ሦስት ጊዜ መታ፣ አራት ትንፋሽ ቆጠረ፣ እንደገና ሦስት ጊዜ መታ። መምህሩ አጨበጨቡ። በሩ አልተከፈተም፤ መከፈት የሁለተኛ ዓመት ትምህርት ነበር።

የይርገዱ ተራ ደረሰ። ሄደች፣ ሳል አለች፣ «ቤቶች!» አለች። ከዚያ ሰው አለመኖሩን አውቃ ተመለሰች።

«ምነው ተመለስሽ?» አሏት መምህሩ።

«ሰው የለም እኮ።»

ውጤቷ ላይ «በአፍ ታንኳኳለች፣ ቶሎ ተስፋ ትቆርጣለች» ተብሎ ተጻፈ። ማለፊያውን በግማሽ ነጥብ ነው ያገኘችው። በዚያ ዓመት ሰፈራችንን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነበር የምትጎበኘው፤ ተግባርን በጥልቀት ለመማር ተግባሩን ማቆም ግድ ነው ተብሏል።

ሁለተኛው ዓመት ላይ እያንዳንዱ እጩ አንድ አንድ ችግር ከሰፈሩ ፈልጎ እንዲያመጣ ታዘዘ። በትምህርት ቤቱ በር ላይ በትልልቅ ፊደል «ችግር ሳይጸድቅ አይፈታም» የሚል ጽሑፍ ተሰቀለ። ምክንያት ነበረው። አንድ እጩ አንድ ጊዜ ልቡ አልችል ብሎት ችግሩን ሳይለካው ፈታውና ባዶ እጁን ለምርመራ ቀረበ። ሊቀ ተግባር በንዴት ሁለት ቀን ምግብ አልበሉም ይባላል።

ይርገዱ ችግር ለመፈለግ ሩቅ አልሄደችም። ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ወዲህ በታችኛው ሰፈር ተቅማጥ በርትቷል። ደብተሯን ዘርግታ ቤት ለቤት ለየችው። ከመሃሉ ጉድጓድ የሚቀዱት ይታመማሉ፤ ዳር ያሉት፣ ከዋርካው ምንጭ የሚቀዱት፣ ደኅና ናቸው። አንድ ከሰዓት ሱቄ መጣችና የቆዳ ማቅለሚያዬን እያየች ቆመች።

«ይሄ ቀዩ ቀለም ሰው ይጎዳል?»

«ከእንሶስላ ሥር የተሠራ ነው፤ ምንም አያደርግም። ለምን ፈለግሽው?»

እንሶስላ የምንለው በአገራችን የሚበቅል ሥሩ ቀይ የሆነ ተክል ነው። «ሁለት ጣሳ ስጠኝ» አለች። ወስዳ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያያት፣ የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ውስጥ ደፋችው። ያ ሽንት ቤት ለመቶ ሃያ እጩ ተብሎ አዲስ የተቆፈረ፣ ባለ ሃያ በር ነው፤ ከጉድጓዳችን በላይ፣ ቁልቁለቱ ላይ።

በሦስተኛው ቀን ልጄ ስንዱ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ባልዲውን ፊቴ አስቀመጠች። ስንዱ ባሏ ርቆ ሄዶ ከእኔው ጋር ነው የምትኖር፤ የሦስት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት፣ ማዘንጊያ የምትባል። ከማዘንጊያ በፊት አንድ ልጅ ቀብራለች፤ ስሙም ለዚያ ነው የወጣው።

«አባዬ፣ ውኃው አፈረ እንዴ?» አለችኝ።

አየሁት። ፈዘዝ ያለ ቀይ ነው። አንድ ሰው እንኳ አላፈረም፤ ውኃው ብቻ አፈረ።

ይርገዱ ሦስት ገጽ ጻፈች። አንደኛው ላይ ያየችውን፣ ሁለተኛው ላይ ከየት እንደመጣ፣ ሦስተኛው ላይ ምን ይደረግ የሚለውን፦ ጉድጓዱ ይዘጋ፣ ሽንት ቤቱ ይነሳ። በንጹሕ ሰፋሁላትና እኔም አብሬያት ወደ አፈ ችግር ወጣሁ። አፈ ችግር ሦስቱን ገጽ ገለበጡ፣ ከኋላ ሌላ ገጽ ይኖር እንደሆነ አዩ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሲስተር፣ ይህ ችግር አይደለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ ጌታዬ?»

«መልስ ነው። ችግር እንዲህ በቶሎ መልስ አይኖረውም። ደግሞ ሦስት ገጽ ችግር ሰምቼ አላውቅም። በዚህ ቤት ትንሹ ችግር መቶ ሃያ ገጽ ነው።»

«ውኃው ቀልቶ ታይቷል እኮ ጌታዬ። የመጣውም ከእናንተው ሽንት ቤት ነው።»

«አንደኛ፣ የተፈቀደው ቀለም ሰማያዊ ነው። ሁለተኛ፣ የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት የአጥኚ ወገን ነው እንጂ የተጠኚ ወገን አይደለም። ችግርሽን እንደገና ጻፊው። ለማጽደቅ አራት ወር ይፈጃል።»

«እስከዚያ ጉድጓዱን ብዘጋውስ?»

አፈ ችግር ደነገጡ። እውነተኛ ድንጋጤ ነው፤ ልጃቸው ገደል አፋፍ ላይ እንደቆመ ሰው።

«እንዳትነኪው! ብትነኪው ችግርሽን አጠፋሽ። ችግር የሌለው እጩ ደግሞ ቦርሳ የለውም።»

ወርደን ሱቄ ደርሰን ተቀመጠችና «ምን ላድርግ ጋሽ ባዩ?» አለችኝ። እዚህ ላይ ራሴን ልደብቅ አልችልም። «ልጄ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አራት ወር ምን አላት? ቦርሳሽ ከሄደ ሦስት መቶ ቤት ማን ይይዛል? ክትባቱን ማን ይከትባል? ታገሺ» አልኳት። አጠገቤ አዲስ የደረሰልኝ ትእዛዝ ነበረ፤ አሥራ ሁለት የድርሰት ጥራዝ፣ ሁሉም ከዚያው ትምህርት ቤት መምህራን። ያን ምክር ስመክራት ዓይኔ እሱ ላይ እንዳልነበረ ልምል አልችልም።

ታገሰች። ችግሩን እንደታዘዘችው እንደገና ጽፋ አስገባች፤ ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ እያለችም ቤት ለቤት ዞረች። ከፊሉ አፈላ፣ ከፊሉ ማገዶው ራት ለማብሰልም አልበቃው። በመጀመሪያው ወር አንድ ጨቅላ ቀበርን። በሁለተኛው ወር ሌላ። ሁለቱንም ቀብር ሄጃለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከይርገዱ ዓይን ሸሽቻለሁ። እስከዛሬ ያቃጥለኛል።

ልሳኑ በዚህ ጊዜ ከፊት ይሮጥ ነበር። በላይኛው ሰፈር ሰው የሚጠጣው ከብት ከሚገባበት ኩሬ ነው። አንድ አጥር ቢታጠር ነገሩ ያበቃል። ልሳኑ ግን አንዳች ሳይለውጥ ለማጥናት ስላመለከተ ችግሩ በአንድ ሳምንት ጸደቀለት፤ እንዲህ ያለ ጨዋ ችግር አይተን አናውቅም ተባለ። ሐሙስ ሐሙስ አምሳ አራት ጥያቄ ያለው መጠይቅ ይዞ ይወጣና ይቆጥራል። አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቼው «አጥሩስ?» ስለው፣ «አጥሩ ከውጤቱ በኋላ ይታያል ጋሼ፤ አሁን ባጥር ቁጥሬ ይበላሻል» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ይህን ሲለኝ ከብት አልፎ እንዳይረግጠኝ እጄን ይዞ ዳር አድርጎኛል።

በሦስተኛው ወር ማዘንጊያ ታመመች።

ስንዱ ጠዋት ሱቄ ድረስ አቅፋት መጣች። ልጅቷ አልቅሳ አልቅሳ ማልቀሱንም ትታዋለች፤ ዓይኗ ጎድጉዷል። ይርገዱ ተጠርታ መጣች። የልጅቷን የሆድ ቆዳ በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው። ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቀረ። ጎረቤት ልካ ከዋርካው ምንጭ ውኃ አስመጣች፣ አፈላች፣ አቀዘቀዘች፣ ስኳርና ጨው በጠበጠች፤ ጥራዝ የማስተካክልበት ጠረጴዛዬ ላይ ልጅቷን አስተኝታ በሻይ ማንኪያ ማጠጣት ጀመረች። አንድ ማንኪያ፣ ትንሽ ጠብቆ፣ አንድ ማንኪያ። ስትተፋው እንደገና ትጀምራለች። እኔ ምንም ሥራ የሌለኝ ሰው ሆኜ መቀሴን ሳገላብጥ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ማዘንጊያ ማንኪያው ሲመጣ አፏን ራሷ ከፈተች። ስንዱ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ተንሰቀሰቀች።

ይርገዱ ማንኪያውን ለስንዱ ሰጥታ ተነሣች። ጥግ ላይ ያለውን የመጫኛ ድንጋይ አየችው።

«ጋሽ ባዩ፣ ከዚያ ድንጋይ ሥር ምን አለ?»

«የዶክትሬት ጥራዝ ነው። ስለ እጅ መታጠብ ንድፈ ሐሳብ፣ አራት መቶ ገጽ።»

«ደርቋል?»

«ነገ ይደርቃል።»

«አንሣው» አለች።

ታገሺ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ልጅ አየሁና ዘጋሁት። አራት ተሸካሚዎች ጠራሁ፤ የሰፈራችን ልጆች ናቸው። ድንጋዩን በወሳንሳ ተሸክመው የጉድጓዱ አፍ ላይ አጋደሙት፤ ልክ ለዚያ የተጠረበ ይመስል ገጠመ። ሴቶቹ አጉረመረሙ፤ የዋርካው ምንጭ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ይርገዱ «እናንተ ስትሄዱ እኔም እሄዳለሁ» ብላ የመጀመሪያውን ጀሪካን ራሷ አዝላ ወረደች። በማግስቱም፣ በሳልስቱም ወረደች። በሦስት ሳምንት ውስጥ በሰፈሩ የታመመ ሰው ጠፋ።

በአራተኛው ወር መጨረሻ ችግሩ ጸደቀ። ማኅተም አርፎበት፣ በመዝገብ ሰፍሮ፣ ሊቀ ተግባርና አፈ ችግር ራሳቸው ችግሩን በአካል ሊያዩት ወረዱ። ልሳኑም ለልምድ ተከትሏቸው መጣ። ሰፈሩ በሙሉ ጉድጓዱ ዙሪያ ተሰበሰበ።

«ችግሩ የት አለ?» አሉ ሊቀ ተግባር።

«ከሥሩ ነው» አለች ይርገዱ፣ ድንጋዩን እያሳየች።

«በሽተኞቹስ?»

«የሉም ጌታዬ። ድነዋል።»

አፈ ችግር የጸደቀውን ወረቀት እንደ ሟች ልብስ አቀፉት። «ማኅተም ያረፈበት ችግር!» አሉ። «ቦርሳውን አምጪ።»

ያኔ የእድራችን ዳኛ እማማ ዘርፌ ምርኩዛቸውን እየተደገፉ ወደ ፊት መጡ።

«ጌቶቼ፣ እኛ ያልተማርን ነን፤ አንድ ነገር ግለጡልን። ይቺ ልጅ ቦርሳዋን የምትቀማው እኛ ስላልታመምን ነው?»

«በአጭሩ፣ አዎን።»

«ብንታመምስ?»

ሹሞቹ ተያዩ። ጉዳዩ በደንቡ ላይ አልተከለከለም።

«ስንት ሰው ቢታመም ይበቃችኋል?» አሉ እማማ ዘርፌ።

አፈ ችግር በጣታቸው አሰሉ። «ሠላሳ። ከተቻለ ግማሹ ሴት።»

«ሠላሳ ሰው ለሦስት መቶ ቤት ምን አላት! ድንጋዩን እናነሳለን፣ አንድ ሳምንት እንጠጣለን፣ ቆጥራችሁ ትሄዳላችሁ። ለእሷ ስንል አንድ ሳምንት ቢያስቀምጠን አንሞትም። በሉ፣ ማን ይታመማል?»

እጅ ወጣ። መጀመሪያ አምስት፣ ከዚያ ሃያ፣ ከዚያ መቁጠር አቃተኝ። አንዱ «እኔ ሆዴ ደካማ ነው፣ ቶሎ ይይዘኛል፤ እኔ ልቅደም» ብሎ ተጣላ። ሌላው «ባለፈው የታመመ ይለፍ፣ ተራው የእኛ ነው» አለ። ሊቀ ተግባር እንባቸው መጣ። «እንዲህ ያለ የማኅበረሰብ ተሳትፎ በዕድሜዬ አላየሁም!» አሉና ልሳኑን ጻፍ አሉት። ልሳኑ ጻፈ።

ከእጆቹ መካከል የልጄን እጅ አየሁ። ስንዱ በግራ እጇ ማዘንጊያን አቅፋ ቀኝ እጇን ወደ ላይ ዘርግታለች። የቀበረችውን ልጅ ረስታ አይደለም። ያለባትን ውለታ የምትከፍልበት ሌላ መንገድ አጥታ ነው።

ሁሉም ይርገዱን አየ። ምንም እንድትል አልተጠየቀችም፤ ዝም ብትል ይበቃ ነበር። አንድ ሳምንት ዝም ብትል ዶክተር ናት፣ ቦርሳው የእሷ ነው፣ ሰፈሩም የእሷ ነው። ወደ ቦርሳዋ አየች። ማንገቻው ከሃያ ዓመት በላይ ትከሻዋ ላይ ሆኖ ጨርቅ መስሏል። ከዚያ በሰው መሃል አልፋ ሄዳ የስንዱን እጅ ቀስ አድርጋ አወረደችው። ተመልሳም ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

«ማንም አይታመምም» አለች። «ውሰዱት።»

«አንቺ ልጅ አብደሻል?» አሉ እማማ ዘርፌ።

«ይሁን እማማ፣ ልበድ።»

ከቦርሳው የክትባት ደብተሯን ልታወጣ ብትለምን ከለከሏት፤ ደብተሩ የመንግሥት ነው ተባለ። ቦርሳው ኮረብታውን ሲወጣ እስኪሰወር አየችውና ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ሽማግሌ ሰው መሃል አደባባይ ማልቀሱ ነውር ነው ይባላል፤ እኔ ግን ቀደም ብዬ ማፈር የነበረብኝ ሌላ ቦታ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ደጃችን ላይ ሳል ተሰማ። «ቤቶች!» ቦርሳ የለውም፣ ማርክ የለውም፣ ድምፁ ግን ያው ነው። ቦርሳ የሌለው ሰው ነርስ ሆኖ እንዳይሠራ ሕግ አለ፤ እንግዳ ቤት እንዳይገባ ግን ሕግ የለም። እንግዳ ሆና ትገባለች፣ ትቀመጣለች፣ ልጆቹን ታያለች፣ ትጠይቃለች፣ ትሄዳለች። ክትባቱን ግን መከተብ አትችልም። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ሌላ ከተማ ድረስ እንዲሄዱ ትልካቸዋለች፤ የማንኛው ልጅ ቀን እንደደረሰ ከተወሰደባት ደብተር ላይ በቃሏ እያነበበች።

ልሳኑ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ። ጽሑፉ እንዲጠረዝ ለእኔ መጣ፤ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ። እንደ ልማዴ አነበብኩት። ምስጋናው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ጥናቱ እስኪያልቅ ውኃቸውን ሳይለውጡ በትዕግሥት ለተባበሩኝ የላይኛው ሰፈር ነዋሪዎች፣ በተለይም ጥናቱን ለመጨረስ ላልቻሉት አሥራ አንድ ተሳታፊዎች ልባዊ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።» ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ሰፋሁት፣ ቀይ ቆዳ አለበስኩት። የምጭነው ድንጋይ ግን አልነበረኝም።

ያለ ድንጋይ መጽሐፉ ሳይዘጋ ቀረ። በዚያ አገር ደንብ የማይዘጋ መጽሐፍ መደርደሪያ አይገባም፤ መጽሐፉ መደርደሪያ ያልገባለት ሰው ደግሞ ዶክተር አይባልም። አፈ ችግር ራሳቸው መጥተው አንድ ጠዋት ሙሉ ተቀመጡበት፤ ሲነሡ ክዳኑም አብሯቸው ተነሣ። እንደ ልሳኑ ያሉ ሠላሳ ስምንት ምሩቃን መጽሐፋቸው አፉን ከፍቶ ሱቄ ውስጥ ተደርድሮ ይጠብቃል። በመጨረሻ ድንጋዩ በአስቸኳይ ወደ ጠራዡ እንዲመለስ ደብዳቤ ተጻፈ።

ደብዳቤውን ይዞ የመጣው ልሳኑ ነው፣ እነዚያኑ አራት ተሸካሚዎች አስከትሎ። የሰፈሩ ሰው ወጥቶ እንዲያግዝ ሊያነጋግር ስለፈለገ በቀትር ፀሐይ ቤት ለቤት ማንኳኳት ጀመረ። ሱቄ ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ። ሦስት ጊዜ፣ አራት ትንፋሽ፣ ሦስት ጊዜ። እንከን የለውም። ማንም አልከፈተለትም፤ መጥሪያ መጣ ብለው ሁሉም ትንፋሹን ውጧል። ሃያ ምናምን ቤት አንኳክቶ፣ ላብ አጥምቆት፣ ጉድጓዱ ጋ ደረሰ። እኔም ተከትዬው ሄድኩ።

ይርገዱ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣለች። ስንዱ አጠገቧ ጀሪካን ታጥባለች፤ ማዘንጊያ ድንጋዩ ላይ ወጥታ ትዘላለች። ልሳኑ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበበ። ሲጨርስ ተሸካሚዎቹ ወሳንሳውን መሬት ላይ አስቀምጠው እሱው ላይ ተቀመጡ። አንዱ ባለፈው ከቀበርናቸው ጨቅሎች የአንዱ አባት ነው።

«እንግዲህ…» አለ ልሳኑ። ከንፈሩ ደርቆ ነጭ ሆኗል። «እባካችሁ፣ መጀመሪያ ትንሽ ውኃ።»

ስንዱ ተነሥታ በኩባያ ቀድታ ሰጠችው። ልሳኑ ወደ አፉ አስጠጋው። ከንፈሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ኩባያው ውስጥ አየ። ድንጋዩን አየ። እንደገና ኩባያው ውስጥ አየ።

«ከየት የተቀዳ ነው?» አለ።

መጠይቁን የጠረዝኩት እኔ ነኝ። አምሳ አራቱንም ጥያቄ አውቃቸዋለሁ። ይህ አልነበረበትም።

ይርገዱ ለረጅም ጊዜ አየችው። ትሰድበዋለች ብዬ ነበር፤ መብቷ ነበር። «ከዋርካው ምንጭ ነው፤ ጠጣ» ብቻ አለችው። ልሳኑ ጠጣ። ግማሹ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ። ኩባያውን መለሰ፣ ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ድንጋዩን ሳይጠይቅ ዳገቱን ያዘ። ወደ ትምህርት ቤቱ በሚወስደው መንገድ አልሄደም፤ ወደ ኩሬው በሚወስደው ሄደ። አጥር ያጠረ እንደሆነ አልሰማሁም።

መጽሐፉን ሊወስድ አልመጣም፤ እስከዛሬ እኔው ዘንድ ነው። አልዘጋ ብሎ፣ ምስጋናው ገጽ ላይ እንደተከፈተ ተቀምጧል።